ሆድና ጀርባ የሆኑ ሥራና ሠራተኛ፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ስለ ሥራና ሠራተኛ አለመጣጣም ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ አንድ ሰው ነው። ሲቪል ምህንድስና ተምሮ የባንክ መስኮት ላይ ስለተቀመጠው የአክስታችን ልጅ። አካውንቲንግ ተመርቃ ሆቴል እንግዳ ስለምትቀበለው ጎረቤታችን። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። እዚያ ሥራና ሠራተኛ እንዲገናኙ በደንብ ታስቦበት ነበር። ምልመላው ሥርዓት ነበረው፣ ፈተናም ስልጠናም ነበረው። እንዲያም ሆኖ ሠራተኛው በገባበት በር ይወጣ ነበር። እንዲሁ በዘፈቀደ ከተቀጠሩ ሰዎች ታሪክ ይልቅ ተፈትነው፣ ተመርጠውና ሰልጥነው የለቀቁትን ማየት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ ነው ያነሳሁት።

ሠራተኞችንም አለቆችንም በስም አልጠራም። ፋብሪካዎቹንም በአደባባይ ከሚታወቀው አንዱ በቀር በደፈናው ነው የማነሳቸው።

ዳራ

ፓርኩ የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሐዋሳ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንባታው የተሰጠው ለቻይና ኩባንያ ሲሆን የፈጀው ዘጠኝ ወር ገደማ ብቻ ነው። ለኛ አገር ፕሮጀክት ይህ ተአምር ነው። የፋብሪካ ቆሻሻ ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ማጣሪያም አብሮ ተሠራ።

ሼዶቹን (የፋብሪካ አዳራሾቹን) ከህንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ የመጡ ልብስ ሰፊ ኩባንያዎች ተከራዩ። ሌሎቹን የሳበው ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ምልክቶች ባለቤት፣ የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ነበር። የተሰፋው ልብስ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። ዕቅዱ 60 ሺህ ሰው መቅጠር ነበር።

60 ሺህ ሰው ከከተማዋ ብቻ አይገኝም። ስለዚህ ዓይኖች ሁሉ ወደ ሲዳማና ወደ አካባቢው ገጠር ዞሩ። በብዛት የመጡት ከ20 ዓመት ብዙም ያልራቁ ሴቶች ናቸው። ያኔ የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ነጥቡ ያልመጣላት ልጅ መሰናዶ አትገባም። ቤት ትቀመጣለች፣ ወይ ትዳር ትይዛለች፣ ወይ ገበያ ላይ አንድ ነገር ትቸረችራለች። ሌላው መንገድ ዓረብ አገር ነው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የሚጠይቀው 18 ዓመትና ስምንተኛ ክፍል ነበር። ፓርኩ የሚፈልጋትን ልጅ የዓረብ አገር ደላላም ይፈልጋት ነበር ማለት ነው።

ቅጥሩ እንዴት ነበር

ይህ ክፍል ሳይወደስ መታለፍ የለበትም። በእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ የተደገፈ፣ ክልሉን፣ የኢንቨስትመንት ኮሚሽንንና ፋብሪካዎቹን ያገናኘ አንድ የቅጥር አሠራር ተዘረጋ። ከእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች ተወስደው «ሂፕስተር» ይባል ነበር። (ስሙን ያወጣው ሰው ትንሽ ሳይዝናና አልቀረም።)

አካሄዱ እንዲህ ነው። የወረዳና የቀበሌ ሰዎች ሥራ ፈላጊዎችን ይመዘግባሉ። የተመዘገቡት ሐዋሳ ወደሚገኘው መመዘኛ ጣቢያ ይመጣሉ። እዚያ የጣት ቅልጥፍናና የዓይንና የእጅ ቅንጅት ይታያል። በውጤታቸው ደረጃ ይወጣላቸዋል። ጣቷ ፈጣን የሆነች ወደ ስፌት፣ ሌላዋ ወደ ማጠናቀቂያ ወይ ወደ ማሸጊያ ትመደባለች። ከዚያ ስለ ሰዓት አከባበር፣ ስለ ፋብሪካ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ከተማ ኑሮ አጭር ስልጠና ይሰጣቸውና ፋብሪካው ይረከባቸዋል።

በወረቀት ላይ ይህን የሚያህል አሠራር ያላቸው ቀጣሪዎች በአገራችን ብዙ አይደሉም። ብዙ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ የሚቀጥረው በሲቪና በአንድ የግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ነው።

ችግሩ

ሰው አልቆይ አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በፓርኩ 25 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የነበረው የሠራተኛ መልቀቅ ደግሞ በአማካይ መቶ በመቶ ነበር።

መቶ በመቶ ሲባል ሁሉም ሰው ሄደ ማለት አይደለም። አንድ ሺህ ወንበር ያለው ፋብሪካ በዓመቱ ሌላ አንድ ሺህ ሰው መቅጠር ነበረበት ማለት ነው። አንዳንዷ ወንበሯ ላይ ዓመቱን ትደፍናለች። ሌላው ወንበር ግን በዓመት ሦስቴ አራቴ ሰው ይቀያየርበታል።

ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ሸሚዝ አንድ ሰው አይሰፋውም። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ እያለ በላይኑ (በተሰለፉት ማሽኖች) ላይ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ኮሌታ የምትሰፋዋ ከቀረች ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ሌላ ሰው ቢተካም ጀማሪ ናት፣ ታርጌት አትደርስም። የጀማሪ እጅ እስኪፈታ ወራት ይፈጃል። እጇ ሊፈታ ሲል ትሄዳለች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሉት ይህ ነው።

አለቆቹ የሰጡት ምክንያት አንድ ዓይነት ነበር፤ «የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም»። ይህ አባባል ትንሽ እውነት አለው። ደወል ሲደወል ሥራ ገብቶ ደወል ሲደወል ምሳ መብላት ከገጠር ለመጣ ሰው አዲስ ነገር ነው። ግን የሲዳማ ገጠር ልጅ ሥራ አታውቅም የሚል ሰው የቡና ለቀማ አይቶ አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ ውሃ ቀድታ፣ ቀኑን ቡና ስትለቅም ውላ፣ ማታ እንሰት ስትፍቅ የምታመሽ ልጅ በድካም ብቻ አትሸሽም።

አለመጣጣሙ የት ላይ ነበር

መመዘኛ ጣቢያው አንድ ጥያቄ በደንብ መልሷል። ይህች ልጅ ይህን ሥራ መሥራት ትችላለች ወይ? መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነበር፣ ትክክልም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ግን አልተጠየቀም። ይህን ሥራ ይዞ ሐዋሳ ላይ መኖር ይቻላል ወይ?

ከደመወዙ እንጀምር። የስተርን ዘገባ መነሻውን በወር 26 ዶላር አድርጎ አስቀምጦታል። ልብስ አምራች ከሆኑ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብናሰላው በሰዓት 3 ብር ከ60 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል። የመገኘት ቦነስና የምግብ ድጎማ በላዩ ይጨመራል። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያነሳም፣ ለእነዚህ ልጆች የደረሰላቸው ነገር የለም።

ገጠር ቤተሰቧ ጋ ለምትኖር ልጅ 750 ብር ገንዘብ ነው። ምግቡ ከጓሮ፣ ቤቱ የአባት ነዋ። ሐዋሳ ላይ ግን መጀመሪያ አከራይ አለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ባንድ ጊዜ ቤት ሲፈልግ ኪራይ ይወጣል። ልጆቹ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። ቀጥሎ ሽንኩርትና ዘይት አለ። ከሰል አለ። ባጃጅ አለ። እቤት ያሉት ደግሞ «ልጃችን ፋብሪካ ገብታለች» ብለው ይጠብቃሉ። ልትልክ የመጣችው ልጅ ከቤት ቆጮ እያስላከች መኖር ጀመረች። በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ሒሳቡ ፊቷ ላይ ይደቀናል።

ሁለተኛው የማታው መንገድ ነው። ሽፍቱ የሚያልቀው ከመሸ ነው። ቤቱ የተገኘው ኪራይ ረከስ ባለበት ዳርቻ ነው። መብራት በሌለው ኮረኮንች መንገድ በቡድን ሆነው ይሄዳሉ። ዝርፊያም ከዚያ የከፋም ያጋጥማል። እናት ይህን ስትሰማ የምትለው ነገር አንድ ነው፤ «ነይ፣ ቅሪብኝ።» በየትኛውም የቅጥር ቅጽ ላይ የእናት ፊርማ አይጠየቅም። ግን ልጅቷ እንድትቆይ ወይም እንድትሄድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የእናት ቃል ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከእስያ የመጣ ነው፣ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። የሰው ኃይል (ኤች.አር.) ቢሮ የሚሠራው በአማርኛ ነው። ልጅቷ የምታስበው በሲዳምኛ ወይ በወላይትኛ ነው። መሐል ላይ የሚቀረው መጮህ ብቻ ነው። ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ውስጥ ምናልባት ተራ የሥራ ጩኸት የሚባለው ለእሷ ስድብ ነው። በሰው ፊት የተዋረደች ልጅ ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች፣ ምክንያቷንም ለማንም አትነግርም።

አራተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። ፋብሪካው የሚሮጠው በአሜሪካ ገዢዎች የማስረከቢያ ቀን ነው። ልጅቷ ግን የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጨምበላላ አላት፣ የቡና ወቅት አላት፣ የእህት ሰርግና የዘመድ ለቅሶ አለባት። ለቅሶ መቅረት እኛ አገር ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን ፈቃድ የተከለከለች ልጅ ሦስት ቀን ትቀራለች። ከዚያ መመለሱ ያሳፍራትና በዚያው ትቀራለች።

አምስተኛው ተስፋው ነው፣ እኔ በጣም የምቆጭበትም ይሄ ነው። የቀበሌ ሰው ብዙ ልጅ እንዲልክ ይጠበቅበታል። ብዙ ለመላክ ሥራውን ማሳመር አለበት። ስለዚህ ልጆቹ ሲመጡ የሰሙትና ያገኙት አልተገናኘም። ደመወዙ ያንኑ ያህል ሆኖ እንኳ አስቀድሞ በእውነት ቢነገራቸው ኖሮ ገሚሶቹ አይመጡም ነበር። የመጡት ግን ይቆዩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ፋብሪካዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ምሳ አቀረቡ። አንዳንዶቹ ሰርቪስ መደቡ። መነሻ ደመወዙንም ቀስ በቀስ ጨመር አደረጉት። የመገኘት ቦነስ ደግሞ የሁሉም መሣሪያ ሆነ።

ምሳው ሠርቷል። ሥራ ላይ የሚበላ ምግብ ከደመወዝ ላይ አይቀነስም፣ ቤት ደግሞ ከሰል ይቆጥባል። በብር ስሌት ትንሽ ቢመስልም ለልጅቷ ኪስ ብዙ ነው። ሰርቪሱም ባለበት ሁሉ የማታውን ፍርሃት አቅልሏል። እናት የምትሰማው ወሬም ይቀየራል።

የመገኘት ቦነሱ ግን ሁለት ስለት ያለው ነገር ሆነ። ወሩን ሙሉ ያልቀረች ታገኛለች። አንድ ቀን የቀረች ታጣለች። ልጅቷ በወሩ በሦስተኛው ቀን ታማ ከቀረች ቦነሱ በዚያው ሄደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ለመገኘት ምን ያጓጓታል? ቅጣቱ ካለቀ በኋላ መቅረት ነፃ ሆነ ማለት ነው።

ማደሪያ የመሥራት ዕቅድ በተደጋጋሚ ተነስቷል። ፓርኩ በዘጠኝ ወር ሲቆም ማደሪያው ግን ከቅጥሩ ጋር እኩል አልሄደም። ለኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሼድ ሲሠራ የማሽን ቦታ ተቆጥሯል። እያንዳንዱ ማሽን ፊት የምትቀመጠው ሰው ግን ማታ የት እንደምታድር አልተቆጠረም።

የሥራ ቦታ ስልጠናው ጠቅሟል፣ ግን አጥሯል። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የአገር ልጆችን ላይን መሪ ማድረጉ ነው። ከኦፕሬተርነት የተነሳች፣ ቋንቋቸውን የምታውቅ፣ ራሷ በዚያ ክፍል ውስጥ አምስት ሆና ያደረች ሴት መሪ ስትሆን «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መሪ የምትሆነው የቆየች ሠራተኛ ናት፣ የቸገረው ደግሞ የምትቆይ ሠራተኛ ነው።

በመሐሉ በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ የሥራ ማቆም አድማ ተደርጓል። አድማው በራሱ መጥፎ ዜና ብቻ አይመስለኝም። ሊለቅ የወሰነ ሰው አድማ አይመታም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። አድማ የሚመታው መቆየት የሚፈልግ ነው።

የሐዋሳ ብቻ ነው ወይ?

አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ያደረጉት ሙከራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸውን ሰዎች በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ሥራው ተሰጠ። ለሁለተኛው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ስልጠና ተሰጠ። ሦስተኛው ባለበት ቀረ።

ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ከዚያ ድርጅት ወጥቷል። ገቢያቸው ሥራውን ካላገኙት አልበለጠም፣ ከባድ የጤና ችግር የገጠማቸው ግን በዝተው ተገኙ። ገንዘብ የተሰጣቸው በንግድ የተሻለ አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ደግሞ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ንግዱ መፍትሔ ነው፣ ፋብሪካ ይቅር ለማለት አይበቃም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው የፋብሪካን ሥራ የሚይዘው ሌላ እስኪያገኝ ነው። ኤች.አር. «ጠፋች» ብሎ የሚመዘግባት ልጅ በራሷ ሒሳብ አልጠፋችም፣ ተሻግራለች።

የሙከራ ጊዜንም በዚህ ዓይን አየሁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። አሠሪዎች ሙከራው የእነሱ ብቻ ይመስላቸዋል። የሐዋሳ ልጆች ግን ፋብሪካውን እየሞከሩት ነበር፣ ብዙዎቹም ጣሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ኮሮና ሲመጣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ብዙዎች ወደ ገጠር ተመለሱ። በኅዳር 2014 ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ስንት ጊዜ «የሚቆይ ሠራተኛ አጣን» ሲባል በነበረበት ግቢ፣ ቆይተው ልምድ ያካበቱት ሥራ አጡ። ይህ በሠራተኛና በሥራ አለመጣጣም የመጣ አይደለም፣ የጦርነትና የፖለቲካ ጣጣ ነው። አንድ ነገር ግን ያሳያል። የቆየችው ልጅ ለመቆየቷ ዋስትና አልነበራትም።

ለሌላ ቀጣሪ የሚሆኑ ነገሮች

ፓርክ ለሌለው፣ ሃያ ሰው ለሚቀጥር ዳቦ ቤት ወይ ሆቴልም የሚሆኑ ይመስለኛል።

ከመፈረም በፊት አንድ ሙሉ ቀን ሥራውን ያሳዩ። ጉብኝት አይደለም፣ ከጠዋት እስከ ማታ መቆም ነው። ሌሊት የሚጋገር ዳቦ ከሆነ ሌሊት ይምጣ። ከአስር ሰው አራቱ ሳይፈርሙ ይሄዱ ይሆናል፣ ባለቤቱም ይናደዳል። ግን እነዚያ አራቱ በሁለተኛው ወር ሊቀሩ የነበሩ ናቸው።

ቃለ መጠይቁ ላይ የኑሮ ሒሳቡን አብረው ይሥሩት። የት ታድሪያለሽ? በምን ትመጫለሽ? ለቤት ስንት መላክ ታስቢያለሽ? ወረቀት ላይ ደምሩት። የማይበቃ ከሆነ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ብታውቁት ይሻላል። ይህን ጥያቄ «የግል ጉዳይ» ነው ብለው የሚያልፉት አሉ። በአገራችን ግን ቀጣሪ ስለ ኑሮ ቢጠይቅ አያስቀይምም፣ የሚያስቀይመው አነጋገሩ ነው።

የመገኘት ቦነስ ካለ በሳምንት ይከፈል። የአንድ ቀን መቅረት የአንድ ሳምንቱን ብቻ ይውሰድ፣ ሰኞ እንደገና ይጀመር።

ለቅሶና በዓል እንደሚኖር የታወቀ ነው። ፊቼም ሆነ ገና ድንገት አይመጣም። ምርቱ በዚያ ሳምንት ዝቅ እንዲል አስቀድሞ ይታቀድ፣ ፈቃዱም በተራ ይሰጥ።

የሚለቅን ሰው በሚለቅበት ቀን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። «እናቴ ታማለች» ይላል፣ ወይም «ትምህርት ልቀጥል ነው»። አብዛኛው ደግሞ ደመወዙን ተቀብሎ በማግስቱ ይቀራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደወልለት። የሚደውለው አለቃው አይሁን፣ ኤች.አር. ቢሮም አይሁን። አብራው ማሽን ላይ የተቀመጠች፣ ቋንቋውን የምታውቅ ልጅ ትደውል፣ የካርዱን ብር ድርጅቱ ይስጣት። የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ «መልቀቅን መጀመሪያ ያሰብሽው የትኛው ቀን ነበር?»